የዶቅዶቄው ድምፅና የጎረቤት እንቅልፍ

የመጋቢ ሚስት ብዕር ስታነሣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ትዳር ወይም ስለ ልጆች አስተዳደግ ትጽፋለች ብላችሁ ብትጠብቁ አልፈርድባችሁም። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ስለ ማርሚታ ነው። አዎን፣ ስለ ሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ! በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ ፒስተንና ስለ ሲሊንደር ያስተማረኝ መምህር አልነበረም፤ ያስተማረኝ ትዳሬ ነው። ባለቤቴ ከሐዋሳ እየተነሣ በሸበዲኖ፣ በቦሪቻና በአለታ ወንዶ በኩል ያሉትን አጥቢያዎች የሚጎበኘው በሞተር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲታመም ቤታችን በሙሉ ያስታምመዋል።

ሐዋሳን የምታውቁ እንደምታስታውሱት ከተማዋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች በመሆኗ ለብስክሌትም፣ ለባጃጅም፣ ለሞተርም የተመቸች ናት። ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ሁለትና ሦስት ጎማ ያለው ነገር የማይሽከረከርበት ሰዓት ጥቂት ነው። ሰው ሞተር ሳይክልን «ዶቅዶቄ» ብሎ የሰየመው በመልኩ ወይም በሥራው አይደለም፤ በድምፁ ነው። ያን ድምፅ ገርቶ የሚያወጣው ደግሞ ማርሚታው ነው። ቃሉ ከካንዴላና ከፍሪሲዮን ጋር ከጣልያኖች ወደ ጋራዦቻችን የገባ ነው። በጣልያንኛ ማርሚታ ማለት ትልቅ ድስትም ማለት ነው። እኛ ሴቶች የድስት ነገር ይገባናል፤ ክዳኑ የማይገጥም ድስት እንፋሎቱንም፣ ጣዕሙንም፣ ከሰሉንም ያባክናል። የማርሚታም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሦስት ሞተር አንድ ሲሆን

የእኛ ሞተር ያማሃ ዲቲ 125 ሲሆን፣ ዕድሜው ከበኩር ልጃችን ይበልጣል። አንድ የረድኤት ድርጅት ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ አንድ ነጋዴ ገዛው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ከነጋዴው እኛ ገዛነው። የዲቲ ዘር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1 በተባለው ሞተር ነው። አስፋልትንም፣ ኮረኮንችንም፣ ጭቃንም እንዲችል ተደርጎ ስለተሠራ በአገራችንም የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና ወንጌላዊው ብዙ መንገድ ሄደውበታል። ሞተሩ መካኒኮች «ቱ ስትሮክ» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥላል። ሰማያዊ ጭሱም ከዚያ ይመጣል።

ወደ እኛ ሲመጣ ግን የፋብሪካ መልኩ አልቀረለትም ነበር። ወንበሩ ሁለት ሰው እንዲችል ተረዝሟል። ከኋላው መጻሕፍትም ጀሪካንም የሚጫንበት የብረት መደርደሪያ ተበይዶለታል። የፊት መብራቱ የሌላ ሞተር ነው፤ መሪው ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ሰልባትዮውን ደግሞ ልጃችን በገዛ እጁ ቀለም ቀብቶታል። ልጁ «ሦስት ሞተር ሞቶ አንድ ሞተር ተወለደ» እያለ ይቀልዳል። እኔ በዚህ ሁሉ ቅር አይለኝም። መንገዱን እንዲችል፣ ቤተሰቡን እንዲጭን ተብሎ የተደረገ ነውና።

አስቸጋሪው ማርሚታው ነበር። የቀድሞው ባለቤት የፋብሪካውን ማርሚታ አውልቆ ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ቱቦ አሳጠረውና ጫፉ ላይ የሌላ ሞተር ማርሚታ አስበየደበት። ያ ማርሚታ የተሠራው ለሌላ ዓይነት፣ ፎር ስትሮክ ለሚባለው ሞተር ነው። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ሲያስነሡትም ይሠራል። ነገር ግን ያላቻ ጋብቻ ነበር።

ሞተሩ መናገር ሲጀምር

ባለፈው ክረምት ሞተሩ ምልክት ማሳየት ጀመረ። መጀመሪያ ቱቦው ከሲሊንደሩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ጥቁር ቅባት ታየ። ቀጥሎ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲቀንሱለት እንደ ተኩስ «ጧ!» ማለት ያዘ። ዳገት ላይ ይደክማል። እኔ ደግሞ የባለቤቴን ጃኬትና ሱሪ ሳጥብ በፊት ያልነበረ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አገኘሁበት። በመጨረሻ የዝናቡና የጭቃው ዝገት የቱቦውን ሆድ በላውና እንደ ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ አብሮት ይነሣል።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት አረጋዊት እናት አሉ። ለቡና ስጠራቸው ሣቅ ብለው፣ «የእኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ መጋቢ የት ሄዱ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ሲወጡም ሲገቡም እሰማለሁ» አሉኝ። የእኛ ሰው ቅሬታውን የሚናገረው እንዲህ ነው፤ ቡናውን እያመሰገነ።

ይበልጥ ያሳሰበችኝ ግን ምንም ያልተናገረችው ናት። በጎረቤት ሰርቪስ ቤት የምትከራይ ወጣት አለች። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የሁለተኛው ፈረቃ ሲደርሳት ወደ ቤቷ የምትገባው ሌሊት ነው፤ ምግቧን ቀምሳ፣ እግሯን ታጥባ እንቅልፍ ሲወስዳት ሊነጋ ጥቂት ሰዓት ይቀረዋል። አንድ ቀን ውሃ ስትቀዳ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አየሁ። «አሞሽ ነው እንዴ?» ብላት፣ «አይ እትዬ፣ እንቅልፌ ቀላል ስለሆነ ነው» ብላ አንገቷን ደፋች። በዚያው ምሽት ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርንና የማርሚታው ነገር ከመስከረም ወጪዎች ሁሉ እንዲቀድም ወሰንን። በዚያ ወር ደግሞ የደንብ ልብስና የደብተር ወጪ ደጃችን ቆሞ ነበር።

ሦስት ምክሮች

ወሰንን እንጂ ምን እንደምናደርግ ገና አላወቅንም ነበር። ሦስት ሰው ሦስት ምክር ሰጠን።

የመጀመሪያው አማካሪ ልጃችን ነው። «እማዬ፣ ማርሚታውን ጭራሽ እንክፈተው፤ ጭሱ እንደልቡ ሲወጣ ጉልበት ይጨምራል» አለ። በሐይቁ ዳር መንገድ ምሽት ላይ ሞተራቸውን እያስጮኹ የሚያልፉ እኩዮቹን አይቶ ነው። ወጣት ነውና ድምፅ ከጉልበት ጋር አንድ ይመስለዋል።

ሁለተኛው በሰፈራችን ያለ በያጅ ነው። «ላሜራ ልለጥፍበትና በአንድ ሰዓት ትወስዱታላችሁ» አለ። ዋጋው ትንሽ ስለነበር ባለቤቴ ተስማማ። ብየዳው ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ ከቦሪቻ ሲመለስ በዚያው አጠገብ ተሰነጠቀ።

ሦስተኛው ፀጉራቸው የሸበተ አንድ መካኒክ ናቸው። ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት አዳመጡና አጠፉት። ከዚያ የተሰነጠቀውን ትተው ማርሚታው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበትን ቦታ በእጃቸው ወዘወዙ። ማሰሪያው ተሰብሯል፤ በውስጡ የነበረው ጎማም ወድቋል። «ቀዳዳው በሽታው አይደለም፤ የበሽታው ምልክት ነው» አሉን። ጎማው ከሌለ የሞተሩ ንዝረትና የመንገዱ ጉብታ ሁሉ በስሱ ቱቦ ላይ ያርፋል። እንዲህ የተንጠለጠለ ቱቦ ቢበየድ ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰነጠቃል። ደግሞም ዝገት የበላው ብረት እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ብየዳ አይይዝም። መልካም ብየዳ እንዲሆን ዝገቱ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ መውጣት አለበት።

ልጃችን ጥያቄውን አላስቀረም። «ጋሼ፣ ብንከፍተውስ?» አላቸው። መልሳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ልጄ፣ ታቦር ተራራ ሥር ቆመህ ብትጮህ ድምፅህ ተመልሶ ይመጣልህ የለም? የገደል ማሚቶ ማለት ነው። የዚህ ሞተር ማርሚታም በገደል ማሚቶ ነው የሚሠራው» አሉት።

ነገሩን እንደገባኝ ላስረዳችሁ። በቱ ስትሮክ ሞተር ውስጥ የተቃጠለው ጭስ የሚወጣው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ራሱ ፒስተኑ ነው። ጭሱ ሲወጣ አዲሱ ቤንዚንና አየር በዚያው ቅጽበት ይገባል፤ ጥቂቱም ሳይቃጠል ጭሱን ተከትሎ ያመልጣል። የፋብሪካው ማርሚታ መሐሉ እንደ ቅል ያበጠና ጫፉ የጠበበ የሆነው ለዚህ ነው። የጭሱ ግፊት ከጠባቡ ጫፍ ጋር ተጋጭቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና የሚያመልጠውን ቤንዚን ቀዳዳው ሳይዘጋ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። ቅሉን ቆርጠን ከጣልነው የሚመልሰው የለም፤ ቤንዚኑ ሜዳ ላይ ይፈስሳል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ ነው። በተጨማሪም ማርሚታ ሲለወጥ የካርቡራተሩ ልክ ካልተስተካከለ አየር በዝቶ ነዳጅ ሊያንስ ይችላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተኑም ተበልቶ ወይም ተጣብቆ ይቀራል።

ልጃችን መካኒኩን ባያምናቸው ኖሮ እንኳ ራሱ በስልኩ ፈልጎ ያገኘው ታሪክ ይበቃው ነበር። ይህን የገደል ማሚቶ ጥበብ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሁሉ በላይ ያራቀቀው ቫልተር ካደን የተባለ የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ነው። ኤም ዜድ በተባለው ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኧርንስት ዴግነር እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ምዕራብ ኮብልሎ ዕውቀቱን ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሱዙኪ በዴግነር ጋላቢነት በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ልጃችን ይህን ካነበበልን በኋላ «እማዬ፣ ሰው ለቱቦ ቅርጽ አገሩን ጥሎ ከሄደ እኛማ አንቆርጠውም» አለ። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ክፍት ማርሚታ አልሰማሁም።

ድስቱ ከክዳኑ ጋር ሲገናኝ

ለዚህ ዓይነት ሞተር አዲስ የፋብሪካ ማርሚታ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢገኝም ዋጋው የእኛን አቅም አይመጥንም። ስለዚህ አገልግሎ የቆየ፣ ነገር ግን የራሱ የሆነ ማርሚታ ፍለጋ ተያዘ። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ወንድም መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ጠየቀልን። የመጀመሪያው የመጣልን የሌላ ዲቲ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ የማሰሪያው ቀዳዳ በአራት ጣት ይርቃል። በሁለተኛው ጊዜ ብልሃት ጨመርን። ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠመውን አፍ ስፋት፣ በሁለቱ ቡሎኖች መካከል ያለውን ርቀትና ከአፉ እስከ ማሰሪያው ያለውን ርዝመት በወረቀት ላይ ሥለን፣ ለክተን ላክን። ዕቃ የምትፈልጉ ሁሉ ይህን አትርሱ፤ በተለይ ሞተራችሁ እንደ እኛው የተቀያየረ ከሆነ የሞተሩን ስም በስልክ መናገር አይበቃም። ከተቻለ አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ይሻላል።

የመጣው ማርሚታ ከውጭ ቢዝግም ሆዱ ጤነኛ ነበር። ውስጡ ግን የብዙ ዓመት ጥቀርሻ ጠጥሮበታል። ቱ ስትሮክ ዘይት ስለሚያቃጥል ጥቀርሻው እንደ ድስት ቂጥ እየተጋገረ ቱቦውን ያጠብበዋል፤ ዳገት ላይ ለሚደክም ሞተር አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መካኒኩ ጥቀርሻውን ያጸዱት በእሳት አቃጥለውና በሽቦ ጠርገው ነው። ይህ ሥራ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ የሚሠራ ነው፤ ጭሱ መርዝ ነውና በመኖሪያ ግቢ ልጆች ባሉበት አይሞከርም። ጫፉ ላይ ያለውን የተበሳሳ የውስጥ ቱቦም አውጥተው ጠረጉት፤ በዙሪያው የሚጠቀለለውን ድምፅ የሚውጥ ጥጥ መሰል ነገርም በአዲስ ለወጡት።

አንድ ትንሽ ቦታ ብየዳ አስፈልጎት ነበር። መካኒኩ ማርሚታውን ከሞተሩ አውልቀው ነው ያስበየዱት። ቤንዚን የያዘ ሰልባትዮ አጠገብ ብልጭታ ማስነሣት አደገኛ ነው። ሌላም ነገር አስጠነቀቁን። አንዳንድ ሰው የውሃ ቧንቧ ቆርጦ ጭስ ማውጫ ያደርጋል። የውሃ ቧንቧ ግን ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ሊያስይዘው ይችላል።

ሲገጠም ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። በሲሊንደሩና በቱቦው መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ማለትም ጓርኒሲዮኑ፣ አዲስ መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ማሸጊያ ዳግመኛ በደንብ አያሽግም። ቡሎኖቹ ሁሉ በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዛሉ። ከዚያ የሲሊንደሩ በኩል ይጠብቃል፤ የሻንሲው ማሰሪያ መጨረሻ ላይ ይከተላል። ይህ ከተገላበጠ ቱቦው እየተጎተተ ይታሰርና ከጥቂት ቀን በኋላ ይሰነጠቃል። ለጠፋው የማሰሪያ ጎማ መካኒኩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠው ሠሩለት፤ ከሁሉ የረከሰው ዕቃ እርሱ ነበር፤ ከሁሉ የሚጠቅመውም እርሱ ሆነ። ባለቤቴ አንድ ቀን ከነዳው በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቡሎኖቹ እንደገና ጠበቁ፤ ብረት ግሎ ሲቀዘቅዝ ይላላልና።

ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

እናቶች ሆይ፣ ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ። በየከተማችን ብዙ ሰው ሌባ እንዳይወስድበት ሞተሩን ማታ ሳሎን ወይም ኮሪደር ውስጥ ያሳድራል። ማሳደሩ ግድ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ማስነሣት ግን በፍጹም አይገባም። ከማርሚታ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በዝግ ቤት ውስጥ ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ያው ገዳይ ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። ከደማችን ጋር ሲጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበረታል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ካስከተለ በኋላ ሰውን በእንቅልፉ ሊወስደው ይችላል። ሞተሩ ተገፍቶ ደጅ ይውጣ፤ ከልጆች መስኮት ራቅ ብሎም ይነሣ።

ሁለተኛው ቃጠሎ ነው። ከኋላ የምንፈናጠጥ ሴቶችና ግቢ ውስጥ የሚሯሯጡ ልጆች በጋለ ማርሚታ ባታችንን እንቃጠላለን። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ማርሚታው ረጅም ጊዜ ይግላል። ሞተሩ ሲቆም ማርሚታው ወደ ግድግዳው በኩል ይሁን። በላዩ ላይ የተበሳሳ ላሜራ መከለያ ይታሰርለት፤ እኛ ያሠራነው ከተራረፈ ብረት ነው። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ቃጠሎውን ወዲያው በሚፈስስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየትና በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ሰፊ ከሆነም ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ እንቁላል አይደረግበትም፤ ቁስሉን ያመረቅዙታል እንጂ አያድኑትም።

ሦስተኛው ምርመራ ነው። ማርሚታ ያስተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባና ሞተሩ ደጅ ላይ ይነሣ። አረፋ ካወጣ በዚያ በኩል ጭስ ይወጣል ማለት ነው። ጥቁር የቅባት መስመርም እንዲሁ ምስክር ነው። ይህን በየወሩ አንድ ቀን ማየት ብዙ ወጪ ያድናል።

ድምፅና ጎረቤት

በአገራችን ስለ ድምፅ ሕግ የለም የሚል ሰው ያጋጥመኛል። አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይጨምራል። በአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ መመሪያ ላይ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ የዴሲቤል ሚዛን እንደ ኪሎ አይደለም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ያድጋል። ለሠራተኞች እንኳ በቀን 8 ሰዓት ለሚሰሙት ድምፅ በብዙ አገር የሚጠቀሰው ወሰን 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ጆሮን ይጎዳል። የተከፈተ ማርሚታ ላይ ተቀምጦ የሚውል ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው የራሱን ጆሮ ነው።

እኛ አማኞች ደግሞ ከአዋጁ በፊት የሰማነው አለን። ሰሎሞን በምሳሌ ምዕራፍ 27 ላይ መልካም ቃል እንኳ በማለዳ ጩኸት ሲመጣ ለሰሚው መልካም እንደማይሆንለት ያስተምረናል። ለወንጌል ሥራ የሚወጣ ሞተርም ቢሆን ጎረቤትን ከእንቅልፉ የመቀስቀስ ፈቃድ የለውም። ልብሷን ሰፍታ፣ ደክሟት ለምትተኛ ልጅ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ መመለስ ራሱ አገልግሎት ነው። በየአዳራሾቻችን የድምፅ ማጉያ ስንከፍትም ይኸው መለኪያ እንደሚሠራ በዚሁ አጋጣሚ ለአገልጋዮች ባስታውስ ደስ ይለኛል። ጎረቤት የእኛን መልእክት ሊወድም ላይወድም ይችላል፤ እንቅልፉ ግን የእርሱ ነው።

የማርሚታው ሥራ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ሰኞ ባለቤቴ ወደ አለታ ወንዶ ወጣ። ረፋድ ላይ ያቺ ወጣት ውሃ ልትቀዳ መጥታ፣ «እትዬ፣ መጋቢ ዛሬ መንገድ አልሄዱም እንዴ?» አለችኝ። ከሄደ አምስት ሰዓት ሆኖት ነበር። ጆሮዋንም አየሁት፤ ጥጥ የለበትም። ባለቤቴም ማታ ሲመለስ ዳገቱን ማርሽ ሳያወርድ እንደወጣው፣ ቤንዚኑም እንደተረፈለት ነገረን። ለደንብ ልብስ ያሰብነው ገንዘብ አንድ ወር ዘገየ እንጂ አልቀረም።

የኤሌክትሪክ ሞተሮች በየከተማችን መታየት ጀምረዋል፤ እነርሱ ማርሚታ የሚባል ነገር የላቸውም። ልጃችን አንድ ቀን እንደሚገዛ ይናገራል። እስከዚያ ግን በብዙ ደጅ የቆሙ አሮጌ፣ የተቀያየሩ፣ ቤተሰብ የሚያኖሩ ሞተሮች አሉ። የሚነዷቸው ባሎቻችን፣ ወንድሞቻችንና ልጆቻችን ከፊት ስለሚቀመጡ ድምፁም ጭሱም ወደ ኋላ ይቀርላቸዋል፤ የሚደርሰው ለእኛና ለጎረቤት ነው። ስለዚህ እህቶቼ፣ «የእናንተ ሥራ አይደለም» ቢሏችሁም ጠይቁ፤ ማርሚታው ጤነኛ ነው? ማሰሪያው ጎማ አለው? ያስተነፍሳል? ቤንዚኑንና ዘይቱን የምትገዙት ከአንድ ቤት ነውና መጠየቅ ይገባችኋል። ጌታ ወጥተው የሚገቡትን ሁሉ ይጠብቅላችሁ።